ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይንሳፈፋል ላልሽው እህቴ

ከደብረ ሲና የጻፍሽውን አየሁት፣ ሰማይ ስታዪ ጥቁር ክርና ነጠብጣብ ዓይንሽ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልታከም ወይስ ይተወኛል ነው ያልሽው። እኔንም ደብረ ብርሃን እያለሁ እንደዛው ነው የጀመረኝ።

1ኛ፣ የቆየ ከሆነ፣ ካልበዛና ብልጭታ ከሌለው አትደንግጪ። ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር በዕድሜ እየተኮማተረ ሲሄድ ሬቲናው ላይ (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ጥላ ይጥላል፣ እሱ ነው የሚታይሽ። ቢሆንም አንዴ ለሐኪም አሳዪው።

2ኛ፣ ድንገት ከበዛ፣ ጨለማ ውስጥ ጎን በኩል ብልጭ ብልጭ ካለብሽ ወይ ጥላ እንደ መጋረጃ ከወረደብሽ በዛው ቀን ሂጂ፣ አያመኝም ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ሬቲና ሲቀደድ አያምም። እኔን ማታ ብልጭ ሲልብኝ አድሮ ጠዋት ጥቀርሻ የተበተነ መሰለኝ፣ ወዲያው ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙን ተዪው፣ ልጅቷ ፊደል አስነበበችኝ፣ እስከ ታች አነበብኩት፣ «ዓይንህ ደህና ነው፣ ድካም ነው» ብላ መነጽር ምረጥ አለችኝ! ስለ ብልጭታው ደግሜ ስነግራት «ባለሙያዋ እኔ ነኝ አንተ?» ብላ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። እስካሁን ያናድደኛል፣ ስንቱን ገበሬ እንዲህ ብላ መልሳው ይሆን። እህቴ፣ ፊደል ማንበብ ሌላ ሬቲና መታየት ሌላ፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው ውስጡን በመሳሪያ ካላዩልሽ አልታየሽም፣ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። እኔ መነጽሩን ትቼ በዛው ቀን አዲስ አበባ ገባሁ፣ የሬቲና ሐኪሙ ሲያይ ሬቲናው ተቀዷል፣ ግን ገና ከቦታው አልተላቀቀም፣ በሌዘር ዙሪያውን ዘጋልኝ። ተላቆ ቢሆን ኦፕራሲዮን ነበር፣ ከዛ በኋላም እይታው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። ነጠብጣቡ ዛሬም አለ፣ ለምጄዋለሁ፣ ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት በጉም ራሴ እየነዳሁ ነው የምወርደው።

3ኛ፣ የሩቅ መነጽር የምታደርጊ፣ ሞራ የተገፈፈልሽ ወይ ዓይንሽን የተመታሽ ከሆነ የበለጠ ፍጠኚ፣ ስኳር ካለብሽም እንደዛው። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝተሽ አትጨምሪ፣ ምንም አያደርግልሽም። ጠበሉንም ተጠመቂ ግን ሐኪሙን አታስቀሪ። ብሌን ሲያሰፉልሽ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

አሁን አንዱን ዓይንሽን ሸፍነሽ በየተራ እዪ፣ ሁለቱም ተከፍቶ ከሆነ ደህናው የታመመውን ጉድለት ይሸፍንልሻል። ብልጭታ ይኑረው አይኑረው አልጻፍሽም፣ ካለው መልስ አትጠብቂ፣ ተነሺና ሂጂ።