ጥያቄና መልስ፦ የተወርዋሪ ኮከብ ራዳር ኤኮ

ጠያቂዎቹ የተጠሩት በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባለው ሰፈራቸው ነው። መልሴ ሁሉ 50 ሜጋኸርዝ ላይ ለሚሠራ፣ ባለ 13 ቢት ባርከር ኮድ ራዳር ነው (ፐልሱ በ13 ቢት ተከፍሎ የአንዳንዱ ቢት ሞገድ ይገለበጣል፤ ኤኮው ሲፈታ 13ቱ ተደምረው አንድ ስለታም ጫፍ ይሆናሉ)፤ የሞገዱ ርዝመት 6 ሜትር። ከሁሉ በፊት ጥሬውን ሳምፕል፣ ማለትም ኮዱ ሳይፈታ የተቀዳውን፣ አስቀምጡ።

የዘንዘልማው፦ ጋሼ፣ ኮዱ ሲፈታ የጭራው ኤኮ (ኮከቡ ትቶት ካለፈው መስመር የሚመለሰው) ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የአናቱ (ከራሱ ከሚበረው ኮከብ የሚመለሰው) ግን ይጠፋል። ለምን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ጭራው የሚሄደው ከነፋሱ ጋር ነው፤ በሰከንድ 50 ሜትር ቢነዳ ዶፕለሩ (ፍጥነቱ የሚያመጣው የድግግሞሽ ለውጥ) 17 ኸርዝ ቢሆን ነው፣ ኮዱ አይነካም። አናቱ በሰከንድ 40 ኪሎ ሜትር ወደ አንተ ከመጣ ግን 13.3 ኪሎኸርዝ ነው። ቢቱን 10 ማይክሮሰከንድ ካደረግኸው ፐልሱ 130 ይሆናል፤ በዚያች ጊዜ ፌዙ (ሞገዱ በዙሩ ውስጥ ያለበት ቦታ) ወደ 1.7 ዙር ይዞራል። ኮዱ የቆመው በ180 ዲግሪ ግልበጣ ላይ ስለሆነ ድምሩ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ጥሬውን በግምት ዶፕለር ወደ ኋላ አዙረው፣ ከዚያ ከኮዱ ጋር ኮሬሌት አድርገው (እያስተያየህ ደምረው)። በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 25 ኪሎኸርዝ በ2 ኪሎኸርዝ እየዘለልህ ድገምና ጫፉ የጎላበትን ያዝ። ቢቱን ወደ 2 ማይክሮሰከንድ ማሳጠርም ይቻላል፤ ለዚሁ ፍጥነት የምታጣው 2 ዴሲቤል አይሞላም፣ የሬንጅ (የርቀት) ጥራቱም ከ1.5 ኪሎ ሜትር ወደ 300 ሜትር ይሻሻላል። ግን የፐልሱ ጉልበት አንድ አምስተኛ ብቻ ይቀራል፣ ደካማው ኤኮ ይሰምጣል። እኔ ፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ጥሬው ካለህ።

የሰባታሚቱ፦ ኮምፕሌመንታሪ ኮድስ (ሲደመሩ ጉብታቸው የሚጠፋፋ የኮድ ጥንድ)? የጎን ጉብታ፣ ከዋናው ጫፍ ግራና ቀኝ የሚወጣው ሐሰተኛ ጫፍ፣ የለበትም።

የቤዛዊቷ፦ ሁለት ፐልስ ይፈልጋል እኮ! በ2 ሚሊሰከንድ ልዩነት አናቱ 80 ሜትር ሄዷል።

የሰባታሚቱ፦ ለጭራ ነው ያልኩት።

የቤዛዊቷ፦ ለጭራማ ባርከሩ ይበቃል፤ ጉብታው ከዋናው 22 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው።

የሰባታሚቱ፦ ጭራው ከጫጫታው በላይ 40 ዴሲቤል ሲወጣ ጉብታውም እንደ ሌላ ኮከብ ይቆጠራላ!

መልስ፦ ለጠንካራ ጭራ እሱ፣ ለአናት እሷ ልክ ናቸው። ይብቃ።

አዲስ ገቢ፦ ዳታዬ ጥሩ አይደለም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? የቢት ርዝመት፣ ከፍታ፣ ሰዓት ጻፍ።

አዲስ ገቢ፦ ቀን ቀን 100 ኪሎ ሜትር ላይ የማይጠፋ ኤኮ አለ።

መልስ፦ ኮከብ አይደለም። ባሕር ዳር ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ ናት፤ የኤሌክትሮጄት (በላይኛው አየር ቀን ቀን የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት) ኤኮ ይሆናል። በዚህ ሞገድ ተራ ጭራ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ከአንድ አስረኛ ሰከንድ በታች ይከስማል።

የቤዛዊቷ፦ ኮከብ የሚበዛው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

መልስ፦ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ። ፋይሉ ላይ 3 ዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ብለሽ መዝግቢ፤ የአበሻውን ሰዓት እዚያ አታስገቢ።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ የእኔም አናት ጠፋ። የተፈታውን፣ ኃይሉን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።

መልስ፦ ከላይ አላነበብህም? ፌዙ ከሌለ የምታዞረው ነገር የለም። እንደገና ቅዳ፤ ፌዙን የሚይዙትን ሁለቱን ክፍሎች፣ «I»ንም «Q»ንም፣ ሳይፈታ።