የማናውቀው ሰው ሞት ለምን ያስለቅሰናል?

ጥያቄ፦ ጥላሁን ገሠሠ ሲያርፍ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አለቀሰች፤ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ትተክዛለች። ሌሎች ዝነኞች ሲሞቱ ግን «ነፍስ ይማር» ብላ ታልፋለች። አንዳቸውንም በአካል አታውቅም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሀዘኑን የሚወስነው የሟቹ ዝና ሳይሆን በኑሯችን ውስጥ የነበረው ቦታ ነው። ሆርተንና ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1956 እ.ኤ.አ. አድማጭና ተመልካች ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሰዎች ጋር ስለሚመሠርተው የአንድ ወገን ቅርርብ ጽፈዋል። ዝነኛው አያውቀንም፤ እኛ ግን ድምፁን ከሺህ እንለያለን።

የጥላሁን ድምፅ ለአሥርተ ዓመታት በሬዲዮና በሠርግ ቤት ከእናትዎ ጋር ኖሯል። ስለዚህ እናትዎ ያለቀሱት ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለወጣትነታቸው፣ አብረዋቸው ላዳመጡትና ዛሬ ለሌሉትም ጭምር ነው። ጊዜውም ሀዘኑን አክብዶታል፤ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ነበር። ቤተሰብ ለደስታ በተሰበሰበበት ቀን የሚመጣ መርዶ ልብ ይሰብራል። በለጋ ዕድሜ ወይም በድንገት የሚመጣ ሞትም እንዲሁ ነው።

ያላለቀሰ ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ከሟቹ ጋር የተሳሰረ ትዝታ ስለሌለው ነው።

እናትዎን «የማታውቂውን ሰው!» ብለው አይገሥጿቸው፤ ሀዘኑ ይታፈናል እንጂ አይጠፋም። ይልቅ አንድ ዘፈኑን ከፍተው ማንን እንደሚያስታውሳቸው ይጠይቋቸው፤ ያውሩ። የቀብር ቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ግን ቁስሉን ያመረቅዛል። እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ብሏቸው ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከሥሩ በወጉ ያልተለቀሰ የቅርብ ሰው ሞት ሊኖር ስለሚችል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይያቸው።