«ይሄን ማን ያየዋል?»፦ ስለ ራግቢ ባዶ ወንበር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ አካባቢ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን አንድ የራግቢ ጨዋታ ተከፈተ፤ እንቁላል የምትመስል ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትና የሚጋፉበት። ካሜራው ወደ ተመልካች ዞር ሲል ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። «ይሄን ማን ያየዋል?» አለ አንዱ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ናይሮቢ ስኖር ራግቢ እከታተል እንደነበር ስለምታውቁ ጥያቄው እኔ ላይ ዘነበ። ጊዜ ስላልበቃን ጻፉልኝ ብያችሁ ነበር። ይኸው መልሴ።

ጋሼ፣ እውነቱን ንገረን። ጨዋታው አሰልቺ ስለሆነ አይደል? መቆለል ብቻ እኮ ነው።

መቆለሉንስ አልክድም። ግን ችግሩ ከመቆለሉ ይልቅ አለመታየቱ ነው። ስምንት በስምንት ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው ሲገፋፉ አይተሃል? ስክረም ይባላል። ካታንጋ የሚባለው ዓይነት ቦታ ላይ ቁጭ ብለህ የሚታይህ አስራ ስድስት ጀርባ ነው። ይወድቃሉ፤ ይነሳሉ፤ እንደገና ይጋጠማሉ። ከዚያ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ እጁን ወደ አንድ ጎን ይዘረጋል። ለምን? እንጃ።

ቤቱ ሶፋ ላይ ያለው ሰው ግን ያውቃል። የራግቢ ዳኛ ማይክ አለው፤ ለተጫዋቾቹ የሚለው በቴሌቪዥን ይሰማል። አንዳንድ ስታዲየም ውስጥ ዳኛውን የሚያሰማ ትንሽ ሬዲዮ ከነማዳመጫው የሚሸጠው ለዚህ ነው። ከፍለህ ትገባለህ፣ ለመስማት ደግሞ ሌላ ትከፍላለህ!

ሰዓቱም አለ። ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፤ ኳሷ በእርግጥ የምትንቀሳቀሰው ግን ከግማሹም ያነሰ ጊዜ ነው። ቪዲዮ ይታያል፣ ጉዳት ይታከማል፣ መቺው ኳሷን አስቀምጦ ይተነፍሳል። አሁን ለመቺው ቆጣሪ ሰዓት አድርገውበታል፤ በ60 ሴኮንድ መምታት አለበት።

ታዲያ ዓለም ዋንጫ ላይ ሰው ከየት ይመጣል?

ጥሩ ያዝከኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገው መቀመጫው 15 ሺህ በማይሞላ ሜዳ ነበር። በ2025 ፍጻሜው ለንደን ባለው ትልቁ የራግቢ ስታዲየም፣ ትዊክንሃም ላይ ሆነና እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ስታሸንፍ 81,885 ሰው ገብቶ አየ። ስክረሙ ያው ስክረም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያመጣኸው ልጅ፣ ጨዋታው ላይ ብቻ አትፍረድ።

ክለቦቹስ ለምን ሰው ያጣሉ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነውና።

ዌልስ የምትባለዋ አገር ራግቢ እምነቷ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ካርዲፍ ያለው ብሔራዊ ስታዲየም ከ70 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ጊዜ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን የራግቢው ባለሥልጣኖች ዘጠኙን ፕሮፌሽናል ክለቦች ብር አይበቃቸውም ብለው በአምስት የክልል ቡድን አጣጠፏቸው። በወረቀት ላይ ያምራል። ፖንቲፕሪድ የምትባል የከሰል ማዕድን አካባቢ ከተማ ከጎረቤቷ ጋር ተዳብላ አንድ ቡድን ሆነች። በዓመቱ ያም ቡድን ተዘጋ። «እንግዲህ የካርዲፍን ደግፉ» ተባሉ። ካርዲፍ ከፖንቲፕሪድ ከጅማ አጋሮ ያህል እንኳን አትርቅም። ግን ዕድሜ ልክህን ስትሰድበው የኖርከውን ቡድን ማልያ ልበስ ብትባል ትለብሳለህ? አልለበሱም። ብዙዎቹ ቤታቸው ቀሩ።

እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ገና ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የከተማውን ስሜት ታስታውሳላችሁ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሊጉ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ክለቦቹ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ መጫወት ጀመሩ። ጅማም ተራዋ ደርሷት አስተናግዳለች። ተራው የሐዋሳ ወይ የድሬዳዋ ሲሆን ግን ቡድኑን በዓይኑ ማየት የፈለገ የጅማ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሊሄድ ነበር። ማን ይሄድ ነበር? ቡናውን ይዞ ስክሪን ላይ ያፈጥ ነበር።

ቴሌቪዥኑ ነው ጥፋተኛው ማለት ነው?

ግማሹን። ብሩን የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ሰዓቱንም የሚቆርጠው እሱ ነው። የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ድሮ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚጫወተው። አሁን ማታ 1 ሰዓት ነው፣ ሐምሌ ላይ። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፤ ያውም አጥንት የሚሰብር ብርድ። ልጅ ይዞ የሚወጣ የለም። እኛ ግን በዚያው ሰዓት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቁርሳችንን እየበላን እናየዋለን።

የኒውዚላንድ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች ይጫወቱበት የነበረውን፣ ሱፐር ራግቢ የሚባለውን ውድድርም እዩት። እ.ኤ.አ. በ1996 በ12 ቡድን ጀመረ። እያበጠ፣ እያበጠ በ2016 18 ሆነ፤ ከቶኪዮም ከቦነስ አይረስም ተጨመረ። የደረጃ ሰንጠረዡን ለማንበብ ሂሳብ አስተማሪ ያስፈልግ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ያለ ሰው ከቶኪዮ ቡድን ጋር ምን ቂም አለው? ያለ ቂም ደግሞ ስታዲየም አይሞላም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የትኬቱ ዋጋ ይሆን እንዴ?

መምህር፣ አልተሳሳቱም። ለትልልቆቹ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች ከ100 ፓውንድ በላይ የሚከፈልበት ወንበር አለ። አንዴ ያን የከፈለ ሰው የክለቡን ጨዋታ «ሌላ ጊዜ» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ኮከቦቹ ብሔራዊ ቡድን ሲሄዱ ክለቡ አንዳንዴ ያለ እነሱ መጫወቱ ነው። ትኬት ቆርጠው ተጠባባቂ ያያሉ።

ናይሮቢስ ሰው ይገባል?

በየቡድኑ ሰባት ሰባት ሰው ብቻ ለሚሰለፍበት አጭሩ ራግቢ አዎ። ሰባት ደቂቃ፣ እረፍት፣ ሰባት ደቂቃ፤ አለቀ፣ ቀጣይ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሳፋሪ ሰቨንስ የሚባል ውድድር አላቸው። ሙዚቃው፣ የተጠበሰው ሥጋ፣ ቢራው… ከጎኔ የነበሩ ልጆች ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጨፍሩ አስታውሳለሁ። ኬንያ ስትገባ ግን ሁሉም ዞረ። በየቡድኑ 15 ሰው ለሚሰለፍበት ለዋናው ራግቢ የክለብ ጨዋታ ስሄድ ደግሞ የፈለግኩት ቦታ ላይ እቀመጥ ነበር።

ዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። ራግቢ ብከፍት ሰው ይገባልኛል?

ወንድሜ፣ አላታልልህም። ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ያ ባርሳና ማድሪድ የተጋጠሙበት ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? ቤሊንግሃም ሁለት አግብቶ ማድሪድ 2 ለ 1 ያሸነፈበት። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ 4 ሰዓት ላይ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11፣ በአንድ ነጥብ! ሩብ ፍጻሜውንም ግማሽ ፍጻሜውንም ያለፉት በአንድ በአንድ ነጥብ ነበር። የኒውዚላንዱ አምበል ቀይ ካርድ አይቶ ወጥቷል። ከዚያ በላይ ምን ይምጣ?

ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ዘበኛው ነበርን። እሱም ለብርዱ ብሎ ነው የገባው። ወደ መጨረሻው ላይ ግን «አሁን የየትኛው ነው ኳሱ?» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ። ሁለት ሻይ ነበር፤ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።