መልስ፦ ግርጌው ውሃ የሚያወጣ የድሮ የአፈር ግድብ ሲታደስ

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ አካባቢ ያለው የድሮው የአፈር ግድባችሁ በግርጌው ውሃ እያወጣ ነው፣ አፈር ጨምረን ብንጠቀጥቀው ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም። እንዲያውም መውጫውን ከደፈናችሁት ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ነገሩ ይብሳል።

መጀመሪያ ውሃውን በብርጭቆ ቅዳው። የአፈር ግድብ ትንሽ ማስረጉ ያለ ነው፤ ጥርት ካለ አትደንግጥ። ከደፈረሰ ግን የውስጡን አፈር እየጠረገ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቴተን ግድብ በ1976 እ.ኤ.አ. የተደረመሰው እንዲህ ባለ የውስጥ መሸርሸር ነው፤ ያውም ገና አዲስ ሆኖ። የፍሳሹን መጠን ከተጠራቀመው ውሃ ከፍታ ጋር በበልግም በክረምትም መዝግቡ። ከፍታው ሳይጨምር ፍሳሹ ከጨመረ አደጋ አለ።

የአፈሩን ናሙና ለማውጣት በሚደረገው ቁፋሮ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ቆፋሪው ግድቡ መሃል ባለው ሸክላ ውስጥ ውሃ ወይም አየር በግፊት ከለቀቀ ራሱ ሊሰነጥቀው ይችላል። በደረቁ ይቆፈር። ፒዞሜትር (አፈር ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት መለኪያ) የማይገባባቸው ጉድጓዶችም በደንብ ይደፈኑ። ከናሙናው አንዲት ጓል በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ውስጥ ጣሉ። ዙሪያዋ እንደ ጭስ ከደፈረሰ አፈሩ በውሃ የሚበተን ዓይነት ነው፤ ላብራቶሪ ያረጋግጠው።

ትርፍ ውሃ ማስወገጃው በአዲስ የጎርፍ ስሌት ይፈተሽ። ደለሉም ይለካ። የጃርት ጉድጓድና የዛፍ ሥርም አትዝለሉ።

ድፍርስ ውሃ ካያችሁ ግን ጥናት አትጠብቁ። ታች ያሉትን ሰዎች አስጠንቅቁ፣ ባለሙያ ጥሩ፣ ውሃውንም አውርዱ። ባለሙያው ካላዘዘ በስተቀር በአንዴ አታውርዱት፤ በውሃው በኩል ያለው የግድቡ ተዳፋት ሊንሸራተት ይችላል።