ነርሷ ፊት ቅኔ አይዘረፍም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሜሪላንድ ኡበር ይነዳል።

«ጋሼ፣ አንድ ማስታወቂያ አይቼ ነበር። የመድኃኒት ሙከራ ነው። አሥር ሌሊት እዚያው ካደርሁ 4 ሺህ ዶላር ይከፍሉኛል። እውነት ነው ወይስ ሊበሉኝ ነው?»

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። እናቴ እንዝርቷን አቆመች። «ምነው ልጄ፣ ደምህን ልትሸጥ ነው?» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን አቀረቀርሁ። ከዓመታት በፊት እኔም ስምንት ሌሊት እንዲሁ አድሬ፣ ለእሷ «ኦቨርታይም ሠርቼ ነው» ብዬ ነበር ብር የላክሁላት። የዚህ ቤት ቆርቆሮ የተቀየረው በዚያ ገንዘብ ነው። እስካሁን አታውቅም።

እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 22 ዓመት ኖሬያለሁ። አራት ሙከራ ገብቻለሁ፤ ከሦስት ደግሞ ከበር ተመልሻለሁ። ያን ማታ ለልጁ የነገርሁት ሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል። የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። ለንደንና ፍራንክፈርት ያላችሁ ሕጉን ከየአገራችሁ ጋር አመሳክሩ።

አዎ፣ ነገሩ እውነት ነው። አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመውጣቱ በፊት በሰው ይሞከራል። የመጀመሪያው ደረጃ ፌዝ ዋን ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጤነኛ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው መድኃኒቱ ያድናል ወይ አይደለም፤ ሰውነት ይችለዋል ወይ፣ ደም ውስጥስ ስንት ሰዓት ይቆያል ነው። ማደር ስላለ ደህና የሚከፈለውም እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው በሽታው ያለበትን ሰው ይፈልጋሉ። የእነሱ ክፍያ ከትራንስፖርትና ከድካም ብዙም አያልፍም።

ቀኑ ምን ይመስላል? ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሱሃል። ክንድህ ላይ ካኑላ፣ ደም የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ፣ ይገባል። ክኒኑን ትውጣለህ። ነርሷ «ምላስህን አንሣ» ትልህና አፍህን በባትሪ ታያለች። ከዚያ በ15 ደቂቃ ደም፣ በ30 ደቂቃ ደም፣ በአንድ ሰዓት ደም። ደቂቃዋ ሳትቀር ትመዘገባለች። ሽንትህ ከደሙ ሰዓት ጋር ከተጋጨ ሽንትህ ነው የሚጠብቀው። የቀረው መሰላቸት ነው። እኔ ዳዊት ይዤ ገብቼ ሁለት ጊዜ ደግሜው ወጣሁ።

የት ይገኛል ላላችሁ፣ መነሻው ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ነው፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የምትኖሩበትን ከተማ ታስገባላችሁ፣ በስንት ማይል ዙሪያ እንደሆነ ትመርጣላችሁ፣ ሰው እየመዘገቡ ያሉትንና ጤነኛ ሰው የሚቀበሉትን ብቻ አሳየኝ ትሉታላችሁ። እያንዳንዱ ጥናት በኤንሲቲ የሚጀምር ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር አለው። ፌስቡክ ላይ ያያችሁት ማስታወቂያ ያ ቁጥር ካለው መዝገቡ ውስጥ ገብታችሁ ማመሳከር ነው። ከሌለው ጠይቁ። አንዳንድ የፌዝ ዋን ጥናት ላይመዘገብ ይችላል፤ ግን የተጠየቀ ሰው ምክንያቱን መናገር አለበት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ መዝገቡ ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም፤ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ላይ መኖር ማለት መንግሥት አይቶ መርቆታል ማለት አይደለም። ገብታችሁ «ለመሳተፍ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ክፈሉ» የሚል ብታገኙ፣ በተለይ ስቴም ሴል በሚባል ሕዋስ እናድናለን የሚለውን፣ ጥላችሁት ውጡ።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ቤተስዳ ላይ የኤንአይኤች፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም፣ ክሊኒካል ሴንተር አለ። ሥራው ምርምር ብቻ የሆነ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ጤነኛ በጎ ፈቃደኛም ይቀበላል፣ ይከፍላልም። ታማሚ ሆኖ ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ለሕክምናው አይጠየቅም። ስንት ዓመት በአጠገቡ ታክሲ ስነዳ ኤምባሲ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አጭበርባሪውን ለመለየት ብዙ ዘዴ አያስፈልግም። በቴክስት «ተመርጠሃል» ብሎ ሊንክ የሚልክ፣ ገና ሳያይህ የባንክ ቁጥርህንና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን የሚጠይቅ፣ የመመዝገቢያ የሚል፣ ሌባ ነው። ሶሻል በኋላ ለግብር ይፈልጉታል፤ ግን በአካል ሄደህ፣ ወረቀት ፈርመህ ነው። የሀበሻ ደላላም አያስፈልግም። «እኔ አስገባሃለሁ፣ ኮሚሽን ትሰጠኛለህ» ያለኝ አንድ ሰው ነበር። የሰጠኝ ስልክ ማንም ጎግል ላይ የሚያገኘው ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ መጣሁ። ስክሪኒንግ፤ ከመግባትህ በፊት ጤናህን የሚመረምሩበት።

እኛ ሰዎች ሐኪም ፊት እንሽኮረመማለን። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ነው። ገመና አይወጣም። ጎጃሜ ስትሆን ደግሞ ይብሳል፤ የዋሸራ አገር ሰው ነንና ነገር በሰምና ወርቅ እናዞራለን። ነርሷ ፊት ግን ቅኔ አይዘረፍም። ወርቁን ብቻ ነው የምትፈልገው። ባለፈው ወር ሌላ ሙከራ ከገባህ ንገራት። ብዙ ቦታ ቢያንስ 30 ቀን ዕረፍት ይጠይቃሉ፤ ክኒኑ ከሰውነት ቶሎ የማይወጣ ከሆነ ከዚያም በላይ። ደብቀህ ሁለት መድኃኒት ሆድህ ውስጥ ቢገናኙ ማንም ምን እንደሆንህ አያውቅም። ደግሞ ብዙ ማዕከላት በአሻራ ወይም በመታወቂያ ይመሳከራሉ። ትያዛለህ።

ከአገር ቤት የመጣውንም ንገራት። ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ፣ ኮሶ። ለእኛ ምግብ ነው፣ ለእነሱ ግን «ኸርባል» ነው፤ ጉበት ላይ የሚያደርገውን አያውቁትም። ቡናም ከመግባትህ በፊት ይከለከላል። የመጀመሪያው ቀን የራስ ምታት ከክኒኑ ይሁን ከቡናው ሱስ ስትለይ ትውላለህ። የማርቆስ አረቄ እንኳን ሊወራለት አይገባም፤ በር ላይ አስነፍተው ይመልሱሃል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከባድ ሥራ መለሰኝ። ያን ሰሞን መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስሸከም ሰነበትሁ። ጡንቻ ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም አለ። ውጤቱን አይተው ጉበቴን ጠረጠሩት። ጂም የምትሄዱ ልጆች፣ ከስክሪኒንግ በፊት ጥቂት ቀን ብረቱን ተዉት።

ክንዳችሁ ላይ የቢሲጂ፣ የቲቢ ክትባት፣ ጠባሳ ካለ፣ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ቲቢ ሳይኖራችሁም ሊያብጥባችሁ ይችላል። በደም የሚሠራውን፣ ኳንቲፌሮን የሚሉትን፣ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የከፋኝ ግን የመጀመሪያው ነው። አንድ ማዕከል ደሜን ወሰደና በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ደውላ «ነጭ የደም ሴልህ ዝቅ ብሏል፣ አልተቀበልንህም፣ ሐኪምህን አነጋግር» ብላ ዘጋችው። ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ነው። እነሱ የሚፈልጉት ከ1,500 በላይ ነበር፣ የእኔ 1,200። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። እንቅልፍ አጣሁ። ደም ካንሰር ነው አልሁ፣ ከዚያም የባሰ አሰብሁ። ለእናቴ ደውዬ ጸሎት አስያዝሁ። ከወር በላይ ቆይቶ አንድ የደም ሐኪም በአምስት ደቂቃ ገላገለኝ። ብዙ የአፍሪካ ሰው ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የለውም። ይህ ከአንድ ዓይነት ወባ ይከላከላል፤ በዚያው ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆጠረውን ኒውትሮፊል ዝቅ ያደርገዋል። በሽታ አይደለም። መስፈርቱ በሌላ ሰው ደም የተሰፋ ልብስ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣላችሁ አትደንግጡ፣ ግን አትተዉትም። የውጤቱን ወረቀት ተቀበሉ። ሐኪማችሁን «የዳፊ ምርመራ ይሠራልኝ» በሉት። ቀጣዩ ማዕከል ጋ ስትሄዱ ያን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።

ይኸው ነገር ነው እኛም ሙከራዎቹ ውስጥ መግባት አለብን የሚያሰኘኝም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ጂን ተደራርቦ እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲውጥ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ለሌላው ልክ የሆነ መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። እኛ የሌለንበት ሙከራ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኛስ አገር አልሞከሩም?» አለች። ሞክረዋል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተከፍለው ለዓይን ማዝ አዚትሮማይሲን ይሰጥ ነበር። አንዳንዱ ወዲያው፣ አንዳንዱ ቆይቶ። ዓይኑን ሊያዩ የሄዱ ሰዎች ሌላም ነገር አዩ፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ቀበሌዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ሕፃናት የሚሞቱት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይኼ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ደግሞ እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ 696 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ወዲያው ግማሾቹ ከዓመት በኋላ፣ እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ አገኙ። ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ ቀነሰ። እናቴ እዚያው ጎንቻ፣ ግንደ ወይን ዘመድ አላት። «ያችን ጽጌረዳ የመሰለች ሽሮፕ ልጆቹ ሲጠጡ አይቻለሁ» አለች። ከዚያ እንዝርቷን አነሣች። ደም መሸጥ የሚለው ነገር በዚያው ቀረ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ፤ የስምምነት ወረቀቱ። ሃያ ገጽ ቢሆንም ይነበባል። በምትረዱት ቋንቋ ሊነገራችሁ ሕጉ ያዛል፣ ስለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም። ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። እኔ ቀድሜ የማየው ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክማል የሚለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ የግድ ካሣ ይከፈል የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው ያለው። ቀጥሎ «ይህ መድኃኒት ለሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ መድኃኒት በደቂቃዎች ልዩነት የተሰጣቸው ስድስት ወጣቶች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። በ2016 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ሬን ከተማ አንድ ሰው ሞተ። ብርቅ ነው፤ ግን ሆኗል። «መጀመሪያ ለአንድ ሰው ሰጥታችሁ ታያላችሁ ወይስ ለሁላችንም በአንድ ቀን?» በሉ። ደህና ማዕከል በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

በማንኛውም ሰዓት ጥሎ መውጣት መብት ነው። ገንዘቡም እስከ ቆያችሁበት ቀን ድረስ ይታሰባል፤ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ይዞ የሚያስፈራራ ካለ ትክክል አይደለም። ግብርም አለበት። 1099 የሚባለው የገቢ ወረቀት የሚላክበት ወለል ድሮ 600 ዶላር ነበር፣ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2,000 ሆኗል። ወረቀቱ ባይመጣም ገቢው ገቢ ነው። ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የሕክምናና የምግብ ድጎማ ያላችሁ ሊነካባችሁ ይችላል። የሥራ ፈቃድ የሌላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ። ለጥየቃ የመጡ እናትና አባትን ደግሞ በጭራሽ።

ምግቡን ልረሳው ነበር። አንዳንዱ ሙከራ መድኃኒቱ ከቅባት ምግብ ጋር እንዴት እንደሚሆን ያያል። የተለመደው ቁርስ ይህ ነው፦ በቅቤ የተጠበሰ ሁለት እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ቤከን፣ በቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። በ30 ደቂቃ ውስጥ ተጠርጎ ማለቅ አለበት። ቤከን የአሳማ ሥጋ ነው። እኔ የገባሁት በሁዳዴ ነበር። ሳልጠይቅ ፈርሜ፣ ጠዋት ትሪውን ሳየው ወጣሁ። የሁለት ሌሊት ብቻ ከፈሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የምግቡን ዝርዝር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ።

ትናንት ልጁ እንደገና ደወለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ቤቱ ወስዶታል። ገጽ በገጽ በስልክ እያነበበልኝ የተከለከሉት ነገሮች ዝርዝር ላይ ደረሰ። በ14 ቀን ውስጥ ማንኛውም የባህል መድኃኒት ይላል። ዝም አለ። እናቱ ባለፈው በእኔ እጅ የላከችለት ፌስታል ኩሽናው ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ፌጦም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»