ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

በዚህ ወር ለመኪና ገጻችን ከደረሱት ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ከጅማ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ አሮጌ ሞተር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)። ሱቄ ሂርማታ ነው፣ ቤቴም ሩቅ አይደለም፣ ስለዚህ መኪናው የሚሄደው አጭር አጭር መንገድ ነው። ሰሞኑን ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ያንኳኳል። ቁልፉን ዘግቼ እንኳ ሞተሩ ትንሽ እየተንገጫገጨ ነው የሚጠፋው። ሚኒሞውም፣ ቆሞ ሲሠራ ያለው ዙር፣ አይረጋም። መካኒኬ «ካርቦን ይዟል፣ ቴስታታው ወርዶ ይጠረግ» አለኝ፤ ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተሩን ክዳን ማለቱ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ሞተሩ እየሠራ በካርቡሬተሩ ውኃ ጨምርበት፣ ጠርጎ ያወጣዋል» ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውኃውን ተወው። ውኃ አይጨመቅም፤ ትንሽ በዛ ካለ ፒስተኑ ሲወጣ ውኃው መሄጃ ያጣና ቢሌው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ይጣመማል። በዚያ ላይ ተላቅቆ የሚወርደው ካርቦን ቫልቩ ሥር ሊቀረቀር ይችላል። ለማዳን የፈለግከውን ሞተር ራስህ ትገድለዋለህ።

መካኒክህ ግን ያለ ነገር አልተናገረም። ካርቦን፣ ነዳጅና ዘይት ሲነድ የሚቀረው ጥላሸት፣ ፒስተኑ አናት ላይና ቴስታታው ውስጥ ሲጋገር ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ጭመቱ ይጨምራል። ደግሞ ይግላል። የጋለው ካርቦን ቤንዚኑን ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ሳያዘው ቀድሞ ያቀጣጥለዋል፣ ማንኳኳቱ አንዱ ከዚህ ይመጣል። ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ አልጠፋም የሚልህም ለዚሁ ነው። ሆኖም የእሳት አሰጣጡ፣ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ቀድሞ ከሆነም ያንኳኳል፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ ቴስታታ ከማውረድ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይታይ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ጅማ ላይ የሚያንኳኳ ሞተር ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ይብስበታል። እዚያ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱም አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ካርቦኑ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቴስታታው ወርዶ ቢያብረቀርቅ እንኳ፣ ምንጩ እስካልተነካ ድረስ ተመልሶ ይይዛል። ጋስኬቱን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) እና የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።

ምንጩ ካንዴላው ላይ ተጽፏል። ከሥራ ስትመለስ አራቱንም አስፈታና በተራቸው ደርድራቸው፣ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እንዳይምታታ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጥሩ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁር ሆኖ እጅ ላይ ዘይት የሚለቅ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ወይም የቫልቭ ሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ጠርጎ መክደን ምንም አይጠቅምህም።

ያንተ ደረቅ ጥላሸት ይሆናል ብዬ ነው የምገምተው፤ ምክንያቱም እንዳልከው መንገድህ አጭር ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው ዕቃ፣ መኖሩንም ጠይቅ። «መኪናው አሞቀ» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ የተጣለበት አሮጌ መኪና ብዙ ነው። ሞተሩ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ መሥራት ሲገባው ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ ይውላል፣ ቤንዚኑም ሙሉ በሙሉ አይነድም። እባክህ ይህችን ትንሽ ዕቃ አስመልሳት። ራዲያተሩ ቆሽሾ ከሆነ የሚጸዳው ራዲያተሩ ነው።

ሌላው ከፍታችን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም፣ አየሩ ሳስቶም የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በበጋው አቧራ ከታፈነ፣ ወይም ጠዋት የሚሳበው ቾክ ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ፣ ጥላሸቱ አይቀሬ ነው። ካርቡሬተሩ ወርዶ ይታጠብ፣ ተንሳፋፊው ልኩ ይታይ፣ ሚኒሞው እዚሁ ጅማ ላይ ይስተካከል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለት የእያንዳንዱን ሲሊንደር ጭመት፣ አስለካ። ይህን ሳታደርግ ቴስታታ እንዳታስወርድ እለምንሃለሁ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈቱ፣ የእሳቱ ገመድ ይነቀል፣ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዙር። ባትሪው ደካማ ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። የመኪናው መጽሐፍ 170 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ካለ፣ እኛ ከፍታ ላይ 140 አካባቢ ቢመጣ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ሞተርህ ደክሟል» ተብሎ ደንግጦ ይመለሳል። ከቁጥሩ ይልቅ የአራቱን መቀራረብ እይ። 138፣ 135፣ 140፣ 136 ካለ ደስ ይበልህ። ሦስቱ 135 አካባቢ ሆነው አንዱ 95 ከሆነ ግን እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ችግር አለ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነሳ ቫልቩ ወይም ጋስኬቱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተቃጥሏል ብለህ ጠርጥር። ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ከሆነስ? ያኔ ነው ካርቦኑ በእርግጥ ቦታ ይዟል የምትለው።

ልኬቱ ደህና ከሆነ ቴስታታ ሳይወርድ የሚሞከር አለ። ካንዴላዎቹን አስፈትቶ፣ ፒስተኖቹን መሃል ላይ አቁሞ፣ በየቀዳዳው የካርቦን ማጽጃ ፈሳሽ ጨምሮ ማሳደር። ጠዋት ካንዴላ ሳይገባ፣ የእሳቱ ገመድ እንደተነቀለ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ በሞተሪኖ ማዞር፣ የቀረው ፈሳሽ ይውጣ። ፈሳሹ በፋሻው በኩል ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ ዘይትና ፊልትሮ ወዲያው ይቀየራል፣ ይህ የማይዘለል ነው። ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ ወደ ሰርቦ መስመር ውጣ፣ ማርሹን ዝቅ አድርገህ ሞተሩ ትንሽ ጮኽ እያለ ይሂድ። በየሳምንቱ አንድ እንዲህ ያለ መንገድ ለሱቅ መኪና መድኃኒት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ማንኳኳቱ ካልቆመ፣ ያኔ መካኒክህን ስማው፣ ይውረድ። ሲወርድ ግን ቴስታታውን በብረት ቡርሽ እንዳይቧጭሩት፣ ቫልቮቹም አብረው እንዲሞረዱ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ፣ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጋራዥ «ታንኩ ውስጥ የሚጨመር የካርቦን ማጽጃ» ሊሸጡልኝ ፈለጉ። ይጠቅማል? መኪናው ምንም አልሆነም፣ ቆሞ ሲሠራ ብቻ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትቸኩዪ። እዚህ የምናያቸው አብዛኞቹ ቪትዞች ቤንዚኑን የሚረጩት ከመግቢያ ቫልቩ ጀርባ ስለሆነ ነዳጁ ራሱ ቫልቩን እያጠበ ነው የሚያልፈው። ጥሩ ማጽጃ አልፎ አልፎ ቢጨመር አይጎዳም፣ ግን ያንቺን መንቀጥቀጥ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ አየር የሚገባበት ስሮትል ከንፈሩ ላይ ጥቁር ቅባት ይይዛል። በስሮትል ማጽጃና በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ቀላል ሥራ ነው። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ክዳኑን በጣት ገፍተው እንዳይከፍቱት ንገሪያቸው። ከተጠረገ በኋላ ሚኒሞው ትንሽ ጊዜ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጪ፣ ኮምፒውተሩ እስኪለምደው ነው። ካንዴላዎቹንም በዚያው አሳዪ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከልጄ ጋር ሆነን በጅማና አጋሮ መካከል የሚሠራ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ልንገዛ ነው፣ ናፍጣ። ሻጩ «ሞተሩ ንክች አላለም» ይላል። በምን ልመን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ነውና የሚያወጡት፣ በሻጩ ቃል ብቻ እንዳይገቡ። ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፣ ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩት። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሲነሳ ልጅዎ ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። የጅማ ጠዋት እርጥብ ስለሆነ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቶሎ ቢጠፋ ችግር የለውም። ነጩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ጋስኬቱን ይጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ሲል ይሆናል፣ ይህ ይቻላል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ሰማያዊ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ አልቋል፣ ዋጋው ሌላ ነው። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የታፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) ወይም ልኩን የሳተ የናፍጣ ፓምፕ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ያስከፍቱ። ጭስ እየገፋ ከወጣ፣ ክዳኑም ቀዳዳው ላይ ሲቀመጥ የሚዘል ከሆነ፣ ጭመቱ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያመለጠ ነው። ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካዩ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነም ይጠይቁ፤ ጭስና ድምፅ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞላ አለ።

ኮምፕሬሽኑን ለማስለካት የናፍጣ መለኪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። የናፍጣ ሞተር ጭመት ከቤንዚን እጥፍ በላይ ስለሆነ የቤንዚኑ መለኪያ አይችለውም። ሻጩ ልኬቱን እንቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ከፈቀደም ሰው አስጭነው በአጋሮ መንገድ ዳገት ያስወጡት፣ የሙቀት መለኪያውን እያዩ፤ ባዶውን ቆሞ ሲሠራ የማያሳየውን እዚያ ያሳያል። መጥተው ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ከጠበቀዎት፣ የዚያን ቀን ምንም ሳይከፍሉ ይመለሱና ሳይነግሩት ሌላ ቀን ጠዋት ይሂዱ።