በቀቀኑ ሞቷል ወይ? እና ሌሎች የቀለሜዎች ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ሞንቲ ፓይተን፣ ስለ እንግሊዞቹ የኮሜዲ ቡድን፣ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የደብዳቤ መዓት ወረደብኝ። ለካ ብዙ ነን። የቻልኩትን እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

አንድ የአይቲ ተማሪ፦ ፓይተን የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከእባቡ ነው?

አይደለም። ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሱም ስሙን የወሰደው ከእነዚሁ ኮሜዲያን ነው።

ስማቸው እንዲቆይ የጠየቁ መምህር። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። አጎታቸው ከለንደን ካሴት ካመጡላቸው ጀምሮ ይኼን ኮሜዲ ይወዳሉ። የሚያዩት ግን ሌሊት፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ነው። ልጆቻቸው ብቅ ሲሉ ቶሎ ብለው ዜና ይከፍታሉ። «ተማሪዎቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ቁም ነገረኛ ሰው እንዲህ ያለ እንቶ ፈንቶ ያያል?» ይላሉ።

ጌታዬ፣ ከልጆችዎ ተደብቀው ዜና? ከዜናው ይኼኛው ይሻላቸው ነበር።

እስቲ የሚያፍሩበትን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። በ1972 ለጀርመን ቴሌቪዥን የሠሩት አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አለ። የጀርመን ፈላስፎች ከግሪክ ፈላስፎች ይጋጠማሉ። ዳኛው የቻይናው ፈላስፋ ኮንፊሺየስ ነው። ፊሽካ ይነፋል። ኳሷን ግን የሚነካት የለም። ሁሉም በሐሳብ ተውጦ፣ አንዳንዱ አገጩን ይዞ፣ ሜዳው ላይ ይንጎራደዳል። ከጀርመኖቹ መሃል ኳስ ተጫዋቹ ቤከንባወርም አለ፤ እንዴት እንደገባ አይጠየቅም። ኒቼ ዳኛውን «ነፃ ፈቃድ የለህም» በማለቱ ቅጣት ይደርስበታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አርኪሜዲስ «ዩሬካ!» (አገኘሁት!) ብሎ ኳሷን ይለጋል። ግሪኮቹ ይነቃሉ፣ ሶቅራጥስ በቴስታ ያገባል። ጀርመኖቹ ዳኛውን ከበው በፍልስፍና ይሟገቱታል። ማርክስ ብቻ ኦፍሳይድ ነው ይላል።

በዚህ የሚስቀው ማን ነው? ኒቼንም ኦፍሳይድንም የሚያውቅ ሰው ነዋ! ኮሜንታተሩን ልብ ብለው ይዩልኝ። አይስቅም። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንደሚያስተላልፍ ሰው ነው የሚያወራው። ሙያው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ነገር ብቻ ትቃወሳለች፤ የቀረው ሁሉ ደንቡን ጠብቆ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ቢቃወስ ኖሮ ጫጫታ ብቻ ነበር የሚሆነው። እንቶ ፈንቶ የሚሉት ነገር ከብዙ የምናከብረው ጽሑፍ የበለጠ ተለክቶ የተሠራ ነው።

ሠሪዎቹም ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ግራም ቻፕማን የተመረቀ ሐኪም ነበር። ጆን ክሊስ ካምብሪጅ ሕግ፣ ማይክል ፔሊን ኦክስፎርድ ታሪክ ተምረዋል። ቴሪ ጆንስ ስለ መካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ ተዋጊዎች የምርምር መጽሐፍ ጽፏል። ለይቶላቸው ቀለሜዎች ናቸው። ከእኛስ ቢሆን አለቃ ገብረ ሃና? ቀልዳቸውን የማያውቅ የለም። የአቋቋም ሊቅ እንደነበሩ ግን ስንቱ ያስታውሳል? እሳቸው ዘንድ ሊቅነቱና ቀልዱ አልተጣሉም። ያጣላናቸው እኛ ነን።

ስለዚህ ጆሮ ማዳመጫውን ይንቀሉት። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ ሙሉውን ትዕይንት በቃልዎ አይወጡብን። ሰው ከቀለሜ የሚሸሸው ስለሚያውቅ አይደለም፤ ማንም ሳይጠይቀው ከሀ እስከ ፐ ስለሚያነበንብ ነው። ያሳቀዎትን አንድ ቦታ ያሳዩ፣ ከዚያ ዝም ይበሉ።

አንዲት እጮኛ፦ ልጁ ቤተሰቧን ሊተዋወቅ የመጣ ዕለት ግቢ ውስጥ እግሩን ወደ ላይ እየወረወረ ተራመደ። አያቷ «ምን ነካው?» አሉ። እሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

እህቴ፣ ይሄ በ1970 ጆን ክሊስ የተወናት ቀልድ ናት። መንግሥት ለአስቂኝ አረማመድ ሚኒስቴር ያቋቁማል፣ በጀትም ይመድባል። ክሊስ ግን ባርኔጣውን አድርጎ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ፊቱን እንደ ባለሥልጣን ኮስተር አድርጎ ነው የሚሄደው። ያንቺው እየሳቀ ከተራመደ ገና ብዙ ይቀረዋል። አያትሽን ደህና ነው በያቸው። የጋብቻ አማካሪም አለ፣ ከፈለጋችሁ። እኔ ለዚህ ብር አላወጣም።

አንድ ወጣት ከዱባይ፦ ከልቡ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። አገጩ ይወርዳል፣ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል፣ አንዳንዴ እሱም ይዘረራል። ሁሉንም ይሰማል፣ መንቀሳቀስ ግን አይችልም። ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። ጓደኞቹ በቪዲዮ እየቀረጹ ይዝናናሉ። «ኮሜዲ ማየት ልተው?» ይላል።

ኮሜዲው ይቆየን። ይሄ አያስቅም። ካታፕሌክሲ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ ሳቅ ያለ ኃይለኛ ስሜት ሲመጣ ጡንቻ በድንገት ይዝላል፣ ሰውየው ግን ራሱን አይስትም። ቀን እንቅልፍ ከሚጥለው ናርኮሌፕሲ ከሚባለው ሕመም ጋር ይያያዛል። ያንተ እሱ ይሁን ሌላ፣ በደብዳቤ ሊታወቅ አይችልም። የነርቭ ስፔሻሊስት ጋ ሂድ። ነገ ከነገ ወዲያ አትበል። እስክትታይ ድረስ መኪና አትንዳ፣ ከፍታ ላይም አትሥራ። ያንን ቪዲዮ አታጥፋው፣ ለሐኪሙ አሳየው፤ ከምታወራለት ይልቅ ያየው ይጠቅመዋል። ካታፕሌክሲ ከሆነ የሚያግዝ መድኃኒት አለ። ታይተህ ስትመለስ ጻፍልኝ። የምሬን ነው።

አንድ የተናደዱ አንባቢ፦ ይሄ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው፤ አገር የሚያሳድግ ነገር ጻፊ።

አንድሬ ጋይም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ እንቁራሪት በማግኔት ኃይል አየር ላይ አንሳፍፎ በ2000 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት ተካፈለ። በ2010 ደግሞ ግራፊን በሚባለው እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ ላይ ባደረገው ምርምር የእውነተኛውን የፊዚክስ ኖቤል ተካፈለ። አገር ማሳደጉን ከእሱ ጋር ተነጋገሩ።

ሁለት ጓደኛሞች፦ ተወራርደናል። በሞንቲ ፓይተን አንድ ትዕይንት ደንበኛው ወደ ሱቁ የሚመልሰው በቀቀን ሞቷል ወይስ እንደ ሻጩ አባባል ተኝቷል?

ሞቷል። እግሩ በሚስማር ባይመታ ኖሮ ድሮ ወድቆ ነበር። ተኝቷል ያልከው፣ ብሩን ክፈል።